ስለ አክሲዮናችን የሚናገርልን ሰው በክፍያ እንቅጠር ወይ? (ማርቆስ፣ ቢቸና፣ ሉማሜ ያላችሁ ባለአክሲዮኖች ግቡ)

ማርቆስ_ሰፈር

ሰላም ለዚህ ቤት። ነገሩ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እዚህ ደብረ ማርቆስና ዙሪያዋ ወደ 60 የምንሆን ሰዎች አንድ ባንክና አንድ ፋብሪካ ላይ አክሲዮን አለን። ስማቸውን አልጠራም፣ ክስ አልፈልግም። አስተማሪ አለ፣ እህል ነጋዴ አለ፣ ጡረተኛ አለ። ከመካከላችን ትልቁ ድርሻ የ200 ሺህ ብር ነው። ሁላችን ተደምረን ለባንኩ ጠብታ ነን።

በየዓመቱ ኅዳር፣ ታኅሣሥ አካባቢ የጠቅላላ ጉባኤ ጥሪ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ስብሰባው አዲስ አበባ ነው። 300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ያውም የአባይን በረሃ ወርደህ ወጥተህ፣ መንገዱም እንደምታውቁት ነው። ትራንስፖርቱን፣ አልጋውን፣ ምግቡን ስትደምረው የዓመት የትርፍ ድርሻዬን ጥርግ ያደርገዋል። መምጣት የማይችል ሰው ውክልና ይስጥ ይላል ማስታወቂያው። ቅጹን ለመሙላት ግን ከስብሰባው ሦስት ቀን በፊት ዋናው መሥሪያ ቤት በአካል መቅረብ አለብህ። አልመጣም ለማለት መምጣት አለብህ ማለት ነው! ካልሆነ እዚሁ ውክልና አሠርተህ ዋናውን ወረቀት በሰው ትልካለህ። እኛም እንደዚያ እያደረግን አዲስ አበባ ላለ አንድ ሰው ስንሰጥ ኖርን። ምን ብሎ ድምፅ እንደሰጠ ጠይቀነው አናውቅም። እሱም ነግሮን አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት አማካሪ ነኝ የሚል ሰው ደወለልኝ። «በዓመት ይህን ያህል ክፈሉ፣ እኛ በስማችሁ ቦርዱን እናነጋግራለን፣ ደብዳቤ እንጽፋለን፣ መልሱን እንከታተላለን፣ ጉባኤ ላይ ድምፅ እንሰጣለን» አለኝ። ስለ ቦርድ አመራረጥ፣ ስለ ብድር አሰጣጥ፣ ስለ አካባቢ ጥበቃ፣ ስለ ሠራተኛ አያያዝ፣ ሁሉንም። ውጭ አገር የተለመደ ነው ይላል። እውነት የተለመደ ነው? ወይስ ሌላ ደላላ ነው የመጣብን?

ከአባይ_ማዶ

የደምበጫ ልጅ ነኝ፣ ኑሮዬ ለንደን ነው፣ የምሠራውም አንድ የጡረታ ፈንድ ቢሮ ውስጥ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ አውቃለሁ።

አዎ፣ የተለመደ ነው። ሰውየው በዚህ አልዋሸም። ለምን እንደተለመደ ልንገርህ። የኛ ፈንድ ከሺህ በላይ ኩባንያ ውስጥ አክሲዮን አለው። ቢሮው ውስጥ ያለነው ደግሞ በጣት የምንቆጠር ሰዎች ነን። ከሺህ ኩባንያ ጋር ማን ያወራል? ስለዚህ ማነጋገሩን ለሌላ እንሰጠዋለን። ልብ በል፣ ገንዘቡ ከነበረበት አይነቃነቅም፣ አክሲዮኑም የኛው ነው፣ የሚሰጠው ንግግሩ ብቻ ነው። ኤፍ ኤንድ ሲ የሚባል የእንግሊዝ ድርጅት በ2000 እ.ኤ.አ. «ሪኦ» የሚል አገልግሎት ጀመረ። በ2004 ደግሞ ሄርሜስ የሚባል የገንዘብ አስተዳዳሪ «ኢኦኤስ» የሚል ተመሳሳይ አገልግሎት አቋቋመ። ሄርሜስ ያኔ የማን ንብረት እንደነበር ታውቃለህ? የብሪቲሽ ቴሌኮም ጡረታ ፈንድ። ስልክ ሲጠግኑ የኖሩ ሰዎች ጡረታ ማለት ነው። ለራሳቸው የጀመሩትን ሥራ ለሌሎች ጡረታ ፈንዶችም መሸጥ ጀመሩ። ስዊድን ውስጥ ጂኢኤስ የሚባል እንደዚሁ ያለ ድርጅት ነበር፣ በ2019 ሰስቴይናሊቲክስ የሚባል ሌላ ድርጅት ገዛው፣ እሱን ደግሞ በዓመቱ ሞርኒንግስታር ጠቀለለው። እንግዲህ ንግድ ነው።

ሥራው ምን ይመስላል ካልክ፣ ኢኦኤስ ሂደቱን በአራት ደረጃ ነው የሚለካው። ጥያቄው ለሚመለከተው ትልቅ ሰው ቀረበ፣ አንድ። ኩባንያው «አዎ፣ ጉዳዩ ከባድ ነው» ብሎ ተቀበለ፣ ሁለት። የሚታመን እቅድ አወጣ፣ ሦስት። ፈጸመ፣ አራት። ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ለመሻገር ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ ይሄዳል። ሽማግሌ ልከህ ልጅ እንደ መጠየቅ በለው። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት አይተህ ታውቃለህ?

ጠያቂው_ብቻ

የደምበጫው ወንድማችን ሁሉን አሳምረህ ነገርከን፣ አሪፍ። አንድ ነገር ግን ዘለልክ። እነዚህ ድርጅቶች በዓመቱ መጨረሻ የሚያመጡት ሪፖርት «ይህን ያህል ደብዳቤ ጻፍን፣ ይህን ያህል ስብሰባ አደረግን» አይደለም እንዴ? ደብዳቤማ እኔም እጽፋለሁ። ፋብሪካው ጸሐፊ ቀጥሮ ይመልስለታል፣ ጸሐፊና ጸሐፊ ሲጻጻፉ ይኖራሉ፣ ገንዘቡን ግን የማርቆስ አስተማሪ ይከፍላል።

ከአባይ_ማዶ

ልክ ነህ፣ እዚህም ትልቁ ሐሜት እሱ ነው። እንግሊዝ ባለሀብቶች አክሲዮን የያዙበትን ኩባንያ እንዴት እንደሚከታተሉ በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ደንብ «ፖሊሲ አለን» ብሎ ለመጻፍ ይመች ነበር። ስለዚህ በ2020 ስታሻሽለው ምን ሠራችሁ ብቻ ሳይሆን ምን ለውጥ መጣ የሚለውንም ሪፖርት አድርጉ አለች። ከዚያ ወዲህስ? አንዳንዱ በእውነት ይሠራል፣ አንዳንዱ ፎቶ የበዛበት ሪፖርት ያመጣል። እኔ እነዚህን ሪፖርቶች ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ያልተሳካላቸውን ነው። አንድም ያልተሳካ ነገር የሌለበት ሪፖርት ካየሁ አጥፌ አስቀምጠዋለሁ።

እቴ_ቢቸና

እኔ አንዴ ሄጃለሁ ጉባኤው ላይ። የእናቴ አክሲዮን ነው፣ ጤፍ ሸጣ ነው የገዛችው። በእሷ ውክልና ሄድኩ። ምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል አዳራሹ በር ላይ ተሰለፍን። መታወቂያ፣ የአክሲዮን ሰርተፊኬት፣ የውክልና ወረቀት። አንዷ ልጅ ስሜን ከዝርዝር ፈልጋ ባርኮድ ያለበት ካርድ፣ አንድ ውሃና ወፍራም መጽሔት ሰጠችኝ። መጽሔቱ የሚያብረቀርቅ ነው፣ የሊቀመንበሩ ፎቶ ሙሉ ገጽ። ምልዓተ ጉባኤው እስኪሞላ አራት ሰዓት ሆነ። ከዚያ የቦርዱ ሪፖርት ከመጽሔቱ ላይ ቃል በቃል ተነበበ፣ ቀጥሎ የውጭ ኦዲተሩ፣ ቀጥሎ ትርፍ ክፍፍል። ጥያቄ ሲባል እጄን አወጣሁ። ማይክራፎኑ ፊት ለፊት ተቀምጠው ወደነበሩት ሄደ። አንድ ሽማግሌ አመስግነው ጀመሩ፣ አመስግነው ጨረሱ። ሁለተኛውም አመሰገነ። ሦስተኛው ለቦርዱ አበል ይጨመር አለ፣ በእናንተ ሞት አልዋሸሁም። ማይክራፎኑ እኔ ጋ ሲደርስ «ሰዓት ስለተጣበበ የቀሩት ጥያቄዎች በጽሑፍ ይቅረቡ» ተባለ። በጽሑፍ አቀረብኩ። መልስ እስካሁን እየጠበቅኩ ነው። «በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል» ሲባል አጨበጨብን፣ ምሳ ተበላ፣ ክትፎው ጥሩ ነበር።

ጥያቄዬ ቀላል ነበር እኮ። ለቦርድ አባላትና ለዘመዶቻቸው የተሰጠው ብድር ስንት ነው? ይኸው ነው።

የሉማሜ_ልጅ

እቴ ሳቄን አመጣሽው 😂 ክትፎው ጥሩ ነበር!

ቁም ነገር ልጨምር። እኔ ያለኝ ፋብሪካው ላይ ነው። ማሳችን ደግሞ ከፋብሪካው በነፋስ በኩል ነው። በጋ ላይ የጤፉ ቅጠል ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። አባቴ ቅጠሉን በአውራ ጣቱ አብሶ ያሳየኛል፣ ጣቱ ነጭ ይሆናል። ስለዚህ በትርፍ ድርሻው ደስ ይለኛል፣ በጤፉ እናደዳለሁ። ይህን ለማን ልናገር? ቀበሌ ስሄድ ፋብሪካ ሂድ ይሉኛል፣ የፋብሪካው ዘበኛ ደብዳቤ ይዘህ ና ይለኛል። ባለአክሲዮን ነኝ ስለው ከእግር እስከ ራሴ አየኝ።

ጠያቂው_ብቻ

የአቧራውን ነገር የሚሰማ ይኖራል ብለህ ነው? ይህ ኢኤስጂ የሚሉት፣ የአካባቢ፣ የማኅበረሰብና የአስተዳደር ጉዳይ፣ የሀብታም አገር ወሬ ነው። እዚህ መጀመሪያ ስኳርና ዘይት ይገኝ።

ከአባይ_ማዶ

ወሬ አይደለም ወንድሜ። እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 2019 ብራዚል ብሩማዲንዮ ላይ የማዕድን ቆሻሻ ያጠራቀመ ግድብ ተደርምሶ 270 ሰው ሞተ። አብዛኞቹ የማዕድን ኩባንያው ሠራተኞች ነበሩ፣ ምሳ ሰዓት ነበር። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የጡረታ ቦርድና የስዊድን የመንግሥት ጡረታ ፈንዶች የሥነ ምግባር ምክር ቤት አብረው ከ700 በላይ ለሚሆኑ የማዕድን ኩባንያዎች ደብዳቤ ላኩ። ጥያቄው እንዲህ ነበር፦ ግድቦቻችሁ የት የት ናቸው? ቁመታቸው ስንት ነው? ማን መረመራቸው? መልሱን ትልቁ ኃላፊ ይፈርምበትና ድረ ገጻችሁ ላይ ይለጠፍ። ማመን ይከብዳል፣ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ የተሟላ መዝገብ አልነበረም። በ2020 ዓለም አቀፍ የግድብ ደህንነት መስፈርት ወጣ። የቄሶች ጡረታ ነው ይህን የጀመረው።

እና የሉማሜ ልጅ፣ ያንተም ጥያቄ እንዲሁ ይጠር። «አካባቢን ጠብቁ» አትበል። የአቧራ ማጣሪያው በዓመት ስንት ቀን ቆመ፣ ማን ለካው፣ ውጤቱን አሳዩን በል። ለመጀመሪያው በመፈክር ይመልሱልሃል፣ ለሁለተኛው መዝገብ ማውጣት ይኖርባቸዋል።

ደቢት_ክሬዲት

ባሕር ዳር ነኝ፣ ሒሳብ ነው ሥራዬ። ሕጉን ትንሽ ላንሳ፣ አሰልቺ ከሆነ ዝለሉት።

አሁን ያለው የንግድ ሕግ አዋጅ 1243/2013 ነው፣ የ1952ቱን የተካው። በሱ መሠረት ባለአክሲዮን በወኪል መገኘትና ድምፅ መስጠት ይችላል፣ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ባንክ ላይ ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የኮርፖሬት አስተዳደር መመሪያ አለው። የቦርድ ጥቆማ ማስታወቂያ ስታነቡ «ተፅዕኖ ፈጣሪ ያልሆኑ ባለአክሲዮኖች» የሚል አላያችሁም? እናንተ ናችሁ። ከካፒታሉ 2 በመቶ ያልሞላ ድርሻ ያለው ማለት ነው። እናንተ የምትጠቁሙት የቦርድ ወንበር አለ። ቅጹ ግን ስንት ጊዜ ባዶውን እንደሚመለስ አይቻለሁ።

ሌላው፣ የካፒታል ገበያ አዋጅ 1248/2013 አለ። በሱ የተቋቋመው ባለሥልጣን ለኢንቨስትመንት አማካሪ፣ ለደላላ፣ ለመሳሰሉት ፈቃድ ይሰጣል። እዚህ ላይ ደላላ የስድብ ስም አይደለም፣ ፈቃድ ያለው ሥራ ነው። ስለዚህ ለደወለልህ ሰውዬ የመጀመሪያው ጥያቄህ «ፈቃድህን አሳየኝ» ይሁን። ስለ አክሲዮን እየመከረ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ፈቃድ ከሌለው ወሬውን እዚያው ቁረጠው።

ይህ ጉዳይ እየባሰ ይሄዳል በነገራችን ላይ። ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮኑን በቴሌብር ሲሸጥ ከ47 ሺህ በላይ ሰው ነው የገዛው፣ ዝቅተኛው 33 አክሲዮን፣ አንዱ 300 ብር። ጥር 2017 ላይ ደግሞ አክሲዮን የሚገበያይበት የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው ተከፈተ። በስልክ የሚገዛ፣ ጉባኤ ገብቶ የማያውቅ ባለአክሲዮን በየወረዳው ይበዛል። ስለዚህ ለእነዚህ ሁሉ ማን ይናገርላቸዋል የሚለው ጥያቄ የ60 ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ማርቆስ_ሰፈር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ደቢት እንዳልከው ደወልኩለት። ፈቃዱ «በሂደት ላይ» ነው አለኝ። ከዚያ ዝም ብዬ ሌላ ደንበኛ ማን አላችሁ አልኩት። ሲዘረዝር ሲዘረዝር የኛን ባንክ ስም ጠራ! ለባንኩ ሥራ አስኪያጆች ስለ መልካም አስተዳደር ሥልጠና ይሰጣሉ። ታዲያ ከፋዩ ባንክ ላይ እንዴት ትጮሁልናላችሁ ስለው «እንዲያውም ግንኙነት ስላለን በር ይከፈትልናል» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ለአፍታ አሳመነኝ።

ከአባይ_ማዶ

በሩ ይከፈትለታል፣ እውነት ነው። ከገባ በኋላ ምን ይላል ነው ጥያቄው።

ይህ ችግር እዚህም አርጅቷል። አይኤስኤስ የሚባለው ትልቁ የድምፅ አማካሪ ለባለሀብቶች እንዴት ድምፅ ስጡ እያለ ይመክራል፣ ሌላው ክፍሉ ደግሞ ለኩባንያዎቹ ስለ አስተዳደር ምክር ይሸጣል። በመካከላችን ግንብ አለ ይላሉ። ግንቡን ያየ የለም። ቢያንስ ግን ለደንበኞቻቸው ያሳውቃሉ። አንተ ሰውዬውን ባትጠይቀው ኖሮ ይነግርህ ነበር?

ቅኔ_ቤት

እኔ ከዲማ ነኝ፣ የባንክ ነገር አይገባኝም፣ አክሲዮንም የለኝም። የቦርድ ሪፖርት የሚባለውን ግን እህቴ አሳይታኝ አንብቤያለሁ፣ ሰሙ ብዙ ነው፣ ወርቁ ኦዲተሩ በትናንሽ ፊደል ከጻፈው ስር ነው።

ስታወሩ ግን አያቴ ትዝ አሉኝ። ደጋ ዳሞት ነበሩ። መሬት ላራሹ ሳይታወጅ፣ ከ1967 በፊት፣ የአንድ አባት ዘር የያዘው ርስት ፈጅ ነበረው ይሉ ነበር። ፈጅ ማለት ለሁሉም የሚቆም ሰው ነው። ማን ከማን እንደሚወለድ፣ የማን ድርሻ የት እንደሚያርፍ እሱ ያውቃል። ክርክር ሲመጣ ዳኛ ፊት የሚቀርበው እሱ ነው። ሁሉም ሰው ሥራውን ትቶ ችሎት አይውልም እኮ። ዋናው ነገር ግን ፈጁ ራሱ ከባለርስቶቹ አንዱ ነው። ቢሸጣችሁ የራሱንም ድርሻ ነው የሚሸጠው፣ ደግሞም እዚያው ሰፈር ነው የሚኖረው፣ በሰንበቴ ትገናኛላችሁ።

የእናንተ አማካሪ ከእናንተ ጋር በምን ይገናኛል?

የሉማሜ_ልጅ

ቅኔ ቤት ጨረስከው። ከመካከላችን አንድ ሰው እንምረጥ፣ ትራንስፖርትና አበል እናዋጣለት፣ አለቀ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። አሜሪካ ውስጥ ኢንጅን ነምበር ዋን የምትባል ሚጢጢ ድርጅት 0.02 በመቶ አክሲዮን ይዛ በ2021 እ.ኤ.አ. የነዳጅ ኩባንያው ኤክሶንሞቢል ቦርድ ላይ ሦስት ሰው አስገባች አይደል?

ከአባይ_ማዶ

አስገባች። ግን ብቻዋን አይደለም። ብላክሮክ፣ ቫንጋርድና ስቴት ስትሪት የሚባሉት ትልልቅ የገንዘብ አስተዳዳሪዎች ድምፅ ስለሰጧት ነው። ያቺ ድርጅት ያደረገችው ጥሩ ሰዎች መርጣ፣ ጥሩ ጽሑፍ አዘጋጅታ ትልልቆቹን ማሳመን ነው፣ ለዚያም ሚሊዮኖች ዶላር አውጥታለች። ስለዚህ ከቦርዱ ጋር ከመነጋገራችሁ በፊት እንደናንተ ያሉትን ፈልጉ። ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ሞጣ፣ ዳንግላ ስንት ባለአክሲዮን አለ?

እቴ_ቢቸና

ከመካከላችን እንምረጥ ለሚለው አንድ ነገር ልበል። እስካሁን ውክልናችንን ሲሰበስብ የኖረው ሰውም ከመካከላችን ነው እኮ። የአጎቴ ልጅ ነው። ዘንድሮ ለቦርድ ሊወዳደር ነው ሲባል ሰማሁ። የሰበሰበውን ድምፅ ለራሱ ያዋለው መሰለኝ። የራስ ሰው ስለሆነ ብቻ አልጠይቀውም ነበር፣ ያ ነው ጥፋታችን። የሰፈር ሰውን መጠየቅ ይከብዳል። ባዳ ቀጥረህ ቢሆን ኖሮ ደረሰኝህን ይዘህ ትጮህበት ነበር።

ደቢት_ክሬዲት

እቴ ትክክል ናት። ወኪሉ ዘመድም ሆነ ባዳ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ነው የሚያድናችሁ። «በማንኛውም ጉዳይ ድምፅ እንዲሰጥልኝ» የሚል ጭፍን ውክልና አትስጡ። በየአጀንዳው እዚህ ደግፍ፣ እዚህ ተቃወም፣ እዚህ ይህን ጠይቅ ብላችሁ ጻፉለት። ጉባኤው ባለቀ በሳምንቱ ምን እንዳለ በጽሑፍ ይላክላችሁ፣ ቃለ ጉባኤውን ባንኩ ሲያወጣ ታስተያዩታላችሁ። እና ከባንኩ ወይ ከፋብሪካው አበል፣ ሥልጠና፣ የሥራ ውል የሚቀበል ከሆነ አስቀድሞ ይናገር። ባለሙያ መቅጠር ከፈለጋችሁም ለዓመት ሳይሆን ለአንድ ሥራ ቅጠሩት። የአምስት ዓመት የኦዲት ሪፖርት አንብቦ ሦስት ጥያቄ እንዲያወጣላችሁ። መጠየቁን ለራሳችሁ ተዉት።

ማርቆስ_ሰፈር

ትናንት ማታ 14 ሆነን ተሰበሰብን፣ ከማርቆስ ጠጅ ቤቶች አንዱ ውስጥ፣ የትኛው እንደሆነ አልናገርም። አማካሪውን ለጊዜው ትተነዋል። ጥያቄዎቹ ሁለት ብቻ ሆኑ፦ የእቴ የብድር ጥያቄና የአቧራ ማጣሪያው። ስለ አዲስ ቅርንጫፍ፣ ስለ ቀን መቁጠሪያ ስጦታ አንዳንዱ ሊጨምር ፈልጎ ነበር፣ ከለከልነው። እቴ ትሂድልን የሚል ሐሳብ መጣ፣ ሁላችንም እሺ አልን። እቴ ይህን የምታነቢው ከሆነ ይቅርታ፣ በሌለሽበት ነው የመረጥንሽ።

እቴ_ቢቸና

ኧረ በማርያም! እናንተ ጠጅ ጠጥታችሁ እኔን ትልካላችሁ።

ለእናቴ ነገርኳት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ያ አማካሪ የተባለው ሰውዬ ማርቆስ መጥቶ ያውቃል ወይ ነው። አይ፣ በስልክ ብቻ ነው አልኳት። «እንግዲያው ለስልኩ ካርድ ሙሉለት» አለችኝ።

እሄዳለሁ፣ ግን ብቻዬን አይደለም። የሉማሜ ልጅ አብሮኝ ይምጣ፣ የአባቱን ጤፍ ቅጠል በላስቲክ ይዞ። ውክልናችሁን እስከ ኅዳር 10 ስጡኝ፣ መታወቂያ ኮፒው እንዲነበብ አድርጋችሁ፣ ባለፈው የስድስታችሁ ጥቁር ሆኖ ተመልሷል።